ከሥራ በመልካም ስንብት ስለ መለየት

ሰው ሥራ ለመያዝ በሚፈልግበት ጊዜ ልብሱን አሳምሮ፥ ማመልከቻውን በንጹሕ ወረቀት ጽፎ፥ ደጅ ጠንቶ ይገባል። ሹመቱን ባገኘ ቀንም ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለዋል። ከዚያው ሥራ በሚለቅበት ጊዜ ግን በገባበት ክብር የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ተቆጥቶ ቁልፉን በጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ሌላው ዘመድ ልጠይቅ ብሎ የሦስት ቀን ፈቃድ ይወስድና በዚያው ይቀራል። ሦስተኛውም በስንብት ደብዳቤው ላይ የብዙ ዓመት ቂሙን ዘርዝሮ፥ አለቃውንም ባልደረባውንም ነቅፎ ይወጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያንኑ አለቃ የምስክር ወረቀት ለመለመን ተመልሶ ይመጣል። ወደ ሥራ ስለ መግባት ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ ከሥራ ስለ መውጣት ግን ነገሩ ለየሰው ጠባይ ተትቷል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ ሰው ሥራውን በፈቃዱ ሲለቅ በጨዋነትና በሕግ እንዴት ሊሰናበት እንደሚገባው ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናመለክት አስበናል።

ይህ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሳለ በቤተ ሰብ ገጽ ለምን ይጻፋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ደመወዝ በአንድ ሰው ስም ይጻፋል እንጂ የሚተዳደርበት ቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። አባወራው ሥራ ሲለቅ ሚስቱ ጎረቤቶቿን፥ ልጆቹ ትምህርት ቤታቸውን፥ የቤት ሠራተኞቹም እንጀራቸውን ይለቃሉ። ዛሬ ደግሞ እመቤቲቱ ራሷ ሐኪም ወይም ዳኛ ወይም አስተማሪ ሆና የምትገኝበት ዘመን ስለ ሆነ፥ ጉዳዩ በባልም በሚስትም በኩል ይመጣል። ስለዚህ የስንብት አሳብ የመጀመሪያ ሸንጎው መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ማዕዱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የደቡቡን ቆላ፥ ማለት ነገሌ ቦረናን፥ ያቤሎን፥ ሜጋን፥ ሞያሌንና በዙሪያቸው ያሉትን ከተሞች መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የአገሩ ርቀት ነው። ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲቋቋም ዋና ከተማው እንድትሆን ተደርጓል። ሞያሌ ደግሞ ከኬንያ ጋራ በምንዋሰንበት ወሰን ላይ ያለች ከተማ ናት። በአዲስ አበባ አንድ ጸሐፊ ቢለቅ፥ ሌላ ሰው ቶሎ ተፈልጎ በወንበሩ ይቀመጣል። በቆላው ገጠር ባለ ጤና ኬላ ግን ሥራው የቆመው በአንድ ወይም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነው። የመድኃኒቱን ሣጥን ቁልፍ የያዘችው ሠራተኛ ሳታስረክብ የሄደች እንደ ሆነ፥ ከብቱን ትቶ የታመመ ልጁን ታቅፎ ከሩቅ የመጣ አርብቶ አደር በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ይቀራል። ገንዘብ ያዡም ካዝናውን ሳያስረክብ የሄደ እንደ ሆነ የብዙ ቤት ደመወዝ ይታገዳል። ስንብቱ የአንድ ሰው ሳለ ጉዳቱ የብዙ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት የዚያ አገር ሕዝብ በዚህ ነገር አስተማሪ መሆኑ ነው። የቦረና ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በያዘው የገዳ ሥርዓት፥ አባ ገዳው በሥልጣን የሚቆየው 8 ዓመት ነው። 8 ዓመቱ ሲፈጸም፥ መልካም ሠርቷልና ይጨመርለት፥ ወይም ሕዝቡ ወዶታልና ይቆይ አይባልም፤ ለተተኪው ያስረክባል። የሥልጣኑ ምልክት «ባሊ» የሚባለው የሰጎን ላባ ስለ ሆነ፥ ርክክቡም የባሊ ርክክብ ይባላል። በ2009 ዓ.ም. ባሊውን የተረከቡት አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ 8 ዓመታቸውን ፈጽመው በ2017 ዓ.ም. ለአባ ገዳ ጉዮ ቦሩ አስረክበዋል። የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል።

ከዚህ ሥርዓት ለየመሥሪያ ቤቱ ሰው የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። የመጀመሪያው፥ ተተኪው በድንገት የሚፈለግ ሰው አለመሆኑ ነው፤ ሥልጣን ከመያዙ ከብዙ ዓመታት አስቀድሞ ተመርጦ፥ የሕዝቡን ሕግና ታሪክ እየተማረ ይቆያል። ሁለተኛው፥ ርክክቡ በጓዳ የማይደረግ መሆኑ ነው፤ በሕዝብ ፊት ስለሚፈጸም፥ ማን ሰጠ፥ ማን ተቀበለ የሚል ክርክር አይኖርም። ሦስተኛው፥ ያስረከበው ሰው የማይጣል መሆኑ ነው፤ «ዩባ» ወደሚባለው ደረጃ አልፎ በምክሩ ሕዝቡን ማገልገሉን ይቀጥላል። ይህም ሁሉ ሳለ ሥርዓቱ ለጥፋት ዝም አይልም። በ8 ዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰበው «ጉሚ ጋዮ» የተባለው ታላቅ ሸንጎ ሕግ ያወጣል፥ ያሻሽላል፥ የመሪዎቹንም ሥራ ይመረምራል፤ ያጠፋውን መሪ ዘመኑ ሳይፈጸም ሊነቅለው ይችላል። ስለዚህ በቦረና ዘንድ ሥልጣን ሲያስረክቡ መሄድና ከሥልጣን ተነቅሎ መሄድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልጅና የልጅ ልጅም ይህንን ለይቶ ያስታውሰዋል።

የውኃው ሥራም ይህንኑ ያስተምራል። በዱብሉክና በሌሎችም የቦረና ቦታዎች «ቱላ» የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ። በበጋ ወራት ብርቱ ጎልማሶች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ የቆዳውን መቅጃ ከታች ወደ ላይ እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ፥ ድካማቸውንም በዜማ እያስረሱ ለከብቱ ውኃ ያወጣሉ። የከብቱን ተራ የሚያስጠብቅ «አባ ሄረጋ» የሚባል ኃላፊ አለ። በዚህ ረድፍ ውስጥ የቆመ ሰው ቢደክመው መውጣቱ ነውር አይደለም። ነውሩ፥ ሌላው በቦታው ሳይቆም እርሱ የወጣ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ከበታቹ ያለው የሚያቀብለው፥ ከበላዩ ያለውም የሚቀበለው ያጣል፤ ውኃው ይፈሳል፥ ከብቱም በገንዳው ዳር ተጠምቶ ይቆማል። ስለ ስንብት የምንናገረው ነገር ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል፤ ሥራ መልቀቅ የማንም ሰው መብት ነው፥ ተቀባይ እጅ ሳያገኙ መልቀቅ ግን በሌላ ሰው ጥም መፍረድ ነው።

በእኛ ዘንድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ምሳሌ አለ። ይህ ምሳሌ ስንቱን ቤት እንዳበላሸ አንባቢ ያውቀዋል። ሥራን እንደ ተራ ግብር የሚቆጥር ሰው፥ የመውጫው ቀን ሲቀርብ የሚያስበው የሚያስረክበውን ሳይሆን የሚወስደውን ነው፤ ከመጋዘኑ ጥቂት ዕቃ፥ ከመኪናው ጥቂት ነዳጅ፥ ከመዝገቡም ጥቂት ቅጠል ይጎድላል። በትልልቅ ከተማ እንዲህ ያለው ሰው ለጊዜው ይሰወር ይሆናል። በነገሌ ወይም በያቤሎ ግን ሻጩም ገዢውም፥ ዳኛውም ባለ ጉዳዩም በአንድ ገበያ ስለሚገናኙ፥ ስሙ ከእርሱ ቀድሞ ወደሚቀጥለው ከተማ ይደርሳል።

ነገሌ ስለ አለቃና ስለ ሠራተኛ ሌላም የሚያሳስብ ታሪክ አላት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች በምግባቸውና በመጠጥ ውኃቸው ተማርረው በመኮንኖቻቸው ላይ ተነሡ። የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ መከልከላቸው ነገሩን አባብሶት ነበር። ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ተይዘው፥ ወታደሮቹ የሚበሉትን እንዲበሉ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ ተደረጉ። ቅሬታው ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎችና ወደ ከተሞች ተዛመተ፤ ከ46 ቀን በኋላም፥ የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም.፥ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነሚኒስትሮቻቸው ሥራቸውን ለቀቁ። ስንብቱ ግን ነገሩን አላበረደውም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ይህን ያነሣነው በሙታን ላይ ለመፍረድ አይደለም። ወታደር እንደ ሌላው ሠራተኛ በወር ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ አይችልም፤ ሊለቅ የማይችል ሰው ቅሬታ ሲታፈን ግን እንደማይጠፋ ነገሌ አሳይታለች። አለቃ የሆነ ሁሉ የበታቹን የውኃ አቤቱታ በጊዜው ቢሰማ፥ በኋላ የሚመጣውን ትልቁን ስንብት ባላየ ነበር። ጊዜው ካለፈ በኋላ በግፊት የሚደረግ ስንብትም፥ በጊዜው በፈቃድ የሚደረገውን ያህል ጥቅም አይሰጥም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የውኃ መሐንዲስና የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ኃላፊ ነበሩ። በአገሪቱ ሁከት በበዛበት ጊዜ፥ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም.፥ የመፍትሔው አካል ለመሆን ሲሉ ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። ነገር ግን ጥያቄውን ባቀረቡበት ቀን ወንበሩን ባዶ ጥለው አልሄዱም፤ ተተኪው መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ቃለ መሐላ እስኪፈጽም ድረስ በሥራው ቆይተው አስረከቡ። ስለ አስተዳደራቸው የየሰው አስተያየት ልዩ ልዩ ሊሆን ይችላል፤ በአወጣጣቸው በኩል ግን ለአገራችን ባለ ሥልጣኖች ያልተለመደ አርአያ ትተዋል። በውጭ አገርም የአሜሪካን የነጻነት ጦር የመራው ጆርጅ ዋሺንግተን፥ ጦርነቱ ሲፈጸም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1783 ዓ.ም. የጦር አዛዥነቱን ለአገሩ ሸንጎ መልሶ ወደ እርሻው ገባ። ከ6 ዓመት በኋላም የአገሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በመልካም የወጣ ሰው ተመልሶ ይጠራል።

እንግዲህ ከታላላቆቹ ወደየቤታችን እንመለስና፥ ሥራውን በፈቃዱ ሊለቅ ያሰበ ሰው በተራ ሊያደርጋቸው የሚገቡትን እንዘርዝር።

አንደኛ፤ ከቤተ ሰቡ ጋራ ይምከር። በቁጣ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ በመሳቢያ ውስጥ ይደር፤ በማግሥቱ ከትዳር ጓደኛ ጋራ ይነበብ። የሚቀጥለው ሥራ በቃል ብቻ ተስፋ የተሰጠበት ነው ወይስ በጽሑፍ? በመካከሉ ያለ ደመወዝ የሚታለፉት ወራት ስንት ናቸው? ልጆቹ የትምህርቱን ዓመት ሊፈጽሙ የቀራቸው ስንት ወር ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ ሥራውን የሚለቅ ሰው፥ የቁጣውን ዋጋ ለልጆቹ ያስከፍላል።

ሁለተኛ፤ ጊዜውን ይምረጥ። በቦረና ቆላ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ገደማ፥ አነስተኛውም ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ ይጠበቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ብዙ ከብት አልቋል፥ ብዙ ቤተ ሰብም በእርዳታ እህል ላይ ወድቋል። እንዲህ ባለው ጊዜ የእህል ማደያውን መዝገብ የያዘ ሰው ስንብቱን ጥቂት ሳምንት ቢያቆየው የሚያጣው ጥቂት ነው፥ የሚያድነው ግን ብዙ ነው። ለአስተማሪም የፈተና ወር፥ ለሒሳብ ሹምም የበጀት መዝጊያ የሆነው ሰኔ የመሄጃ ወር አይደለም።

ሦስተኛ፤ ወሬውን ከአለቃው በፊት ለማንም አያውራ። አለቃ የሠራተኛውን መሄድ ከቡና ቤት ወይም ከገበያ የሰማ እንደ ሆነ እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል፤ ነገሩም ከዚያ በኋላ አይቃናም። ጊዜ ጠይቆ፥ በር ዘግቶ፥ በአጭር ቃል ይናገር። «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላልና፥ ድምፁን ሳያነሣ፥ ያለፈውንም ሳይቆጥር አሳቡን ይግለጥ። አለቃው ቢቆጣ መልስ አይስጥ፤ ቁጣው የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ሰው የማጣት ጭንቀት ነው እንጂ ጥላቻ አይደለም።

አራተኛ፤ ደብዳቤውን በሕግ መሠረት ይጻፍ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፥ የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን ሊለቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ያለ በቂ ምክንያት የሄደ ሠራተኛ ከ30 ቀን ደመወዙ የማይበልጥ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። አሠሪውም በበኩሉ ለሠራተኛው የሚገባውን ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል፥ የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጥ የምስክር ወረቀትም መስጠት አለበት፤ ሠራተኛው የያዘውን ንብረት ከመመለስ የዘገየ እንደ ሆነ ግን የክፍያው ቀን ሊራዘም ይችላል። ይህ ሕግ በድርጅት ለሚሠሩት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ያዝዝ ነበር፥ በቶሎ ሊተካ የማይችል ሠራተኛም እስከ 3 ወር ድረስ እንዲቆይ ይፈቅድ ነበር። ሕጉ በየጊዜው ስለሚሻሻል፥ ክልሎችም የራሳቸው ሕግ ስላላቸው፥ ሠራተኛው በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ከመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት አስተዳደር አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለደብዳቤው አጻጻፍ የሚከተለውን ምሳሌ አቅርበናል።

«ቀን ………
ለ……… ሥራ አስኪያጅ
ነገሌ ቦረና

ጉዳዩ፦ በፈቃድ ሥራ ስለ መልቀቅ

ከ……… ዓ.ም. ጀምሮ በ……… ሥራ ተመድቤ ሳገለግል ቆይቻለሁ። አሁን በቤተ ሰብ ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በፈቃዴ ለመልቀቅ ስለ ወሰንሁ፥ ይህ ማመልከቻ ከገባበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠረው 30 ቀን ሲፈጸም እንድሰናበት በማክበር አመለክታለሁ። እስከዚያው ድረስ በእጄ የሚገኘውን ንብረት፥ ገንዘብና መዝገብ ለሚታዘዘው ሰው አስረክባለሁ፤ ያላለቁትንም ሥራዎች በዝርዝር ጽፌ አቀርባለሁ። በዚህ ቦታ ስለ ተማርሁት ሥራና ስላገኘሁት መልካም መስተንግዶ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርክክቡ ሲፈጸም የአገልግሎት ምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋራ»

እንዲህ ያለው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ምክንያቱን በዝርዝር መተረክ ግዴታ አይደለም፤ ውሸት መጻፍ ግን ነውር ነው። እናቱ ሳትታመም ታመመች ብሎ የሚጽፍ ሰው፥ ጠያቂ ሲመጣበት ከሥራው ጋራ ክብሩንም ያጣል። «በግል ጉዳይ» ማለት በቂ ነው። ደብዳቤውን ለመዝገብ ቤት አስገብቶ፥ ቀንና ቁጥር የሰፈረበትን ግልባጭ ለራሱ ያስቀር።

አምስተኛ፤ ሳይቆራርጥ ያስረክብ። ማስጠንቀቂያው የተሰጠበት ወር የማረፊያ ወር አይደለም፤ ምናልባትም ከአገልግሎቱ ወራት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ንብረቱ በገባበት ሞዴል እየተመሳከረ ይቆጠር። ካዝናው በምስክር ፊት ይከፈት። ማኅተሙ በፊርማ ይሰጥ። በጽሑፍ የማይገኘውም ነገር ይነገር፤ የውኃው ሞተር በምን ሰዓት እንደሚነሣ፥ የትኛው የአገር ሽማግሌ ለየትኛው ቀበሌ ነገር እንደሚጠየቅ፥ የትኛው ባለ ጉዳይ ከሩቅ እንደሚመጣና ማስቀደም እንደሚገባ ተተኪው ካልተነገረው አያውቅም። ተተኪው ያልመጣ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ለአለቃው ይሰጥ። ርክክቡ ሲፈጸም ሠራተኛው ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያስረዳውን ወረቀት፥ ማለት በየመሥሪያ ቤቱ «ክሊራንስ» የሚባለውን፥ ከየክፍሉ አስፈርሞ መሸኛውን ይቀበል።

ስድስተኛ፤ የከተማውን ዕዳ ይክፈል። የሱቁ ዱቤ፥ የቤቱ ኪራይ፥ የወተቷም ሴት ሒሳብ ይዘጋ። ከሁሉም ይልቅ የእቁቡ ነገር ይጠንቀቅ፤ ዕጣው አስቀድሞ የወጣለት ሰው ቀሪውን ሳይከፍል የሄደ እንደ ሆነ፥ ይዞ የሄደው የጎረቤቱን ገንዘብ ነው። የእድሩንም ዳኛ አግኝቶ ስሙን በሥርዓት ያሰርዝ፤ በሐዘኑ ቀን ድንኳን የተከሉለትን ሰዎች ሳያመሰግን አይሂድ።

ሰባተኛ፤ በሰላምታ ይሂድ። በቦረና «የቦረና ሰላም» ማለት «ነጋ ቦረና» የአገሩ ሁሉ መሠረት ነው፤ በሰውና በሰው መካከል ቂም ይዞ መንገድ መጀመር በዚያ አገር አይወደድም። ስለዚህ ከጥበቃው ጀምሮ እስከ አለቃው ድረስ እየዞሩ መሰናበት ይገባል። የተጣሉት ሰው ያለ እንደ ሆነ በሽማግሌ ይታረቁ። በስንብቱ ቡና ላይም ያለፈውን ክስ ማንሣት ተገቢ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስንል ሠራተኛ ሁሉን ችሎ ይቆይ ማለታችን አይደለም። አሠሪው የሠራተኛውን ክብርና ሞራል የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ሥራ የሠራበት እንደ ሆነ፥ በሕይወቱ ወይም በጤናው ላይ የተቃረበውን አደጋ እያወቀ ያልከለከለለት እንደ ሆነ፥ ወይም ግዴታውን በተደጋጋሚ ያልፈጸመለት እንደ ሆነ፥ ያው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ እንዲለቅ ይፈቅድለታል። በተለይም ከወላጆቿ ርቃ በሩቅ ከተማ የተመደበች ወጣት ሴት በአለቃዋ ክብሯ የተነካ እንደ ሆነ፥ ጨዋነት ማለት ዝም ማለት እንዳልሆነ ቤተ ሰቧ አስቀድሞ ይንገራት። በዚህም ጊዜ ቢሆን የሄደችበትን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ ታሳውቅ፤ በእጇ ያለውንም ዕቃ በምስክር ፊት ትመልስ። የተበደለ ሰው ርክክቡን ያሟላ እንደ ሆነ፥ በዳዩ በምንም ሊወቅሰው አይችልም።

ለአለቆችና ለባለ ቤቶችም የምንለው አለን። የስንብት ደብዳቤ የቀረበለት ሹም ሠራተኛውን እንደ ከዳተኛ የሚመለከተው እንደ ሆነ፥ የቀሩት ሠራተኞች ትምህርት ይወስዳሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አስቀድሞ አይነግረውም፥ ሁሉም በሌሊት ይሄዳል። መሸኛ ማዘግየት፥ የምስክር ወረቀት መከልከል፥ የመጨረሻ ደመወዝ መያዝ ሠራተኛውን አያስቀረውም፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ ያጠፋል። ብልህ አለቃ ግን «ምን ቢሻሻል ኖሮ በቆየህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ከሚሄድ ሰው የሚገኘው ምክር ከሚቀረው ሰው ውዳሴ ይበልጣል፤ የሚሄደው የሚፈራው ነገር የለምና።

በየቤታችንም እንዲሁ ነው። አብሳይዋ ወይም ሞግዚቷ ወይም ዘበኛው «ልሄድ ነው» ባለ ጊዜ ሻንጣውን በደጅ የሚያስፈትሽ፥ የወር ደመወዙንም የሚቆርጥ ባለ ቤት አይጠፋም። ልጆቻችን ይህን እያዩ ያድጋሉ። ልጅን በእቅፏ ያሳደገች ሞግዚት ስትሰናበት ደመወዟን ሙሉ አድርጎ፥ የመንገድ ስንቋን ጨምሮ፥ ልጁም ጉንጯን ስሞ እንዲሸኛት ማድረግ፥ ያ ልጅ ነገ ሹም በሆነ ጊዜ ለበታቾቹ የሚያደርገውን ዛሬ ማስተማር ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ የማንኛችንም ሹመት ወይም ሥራ ለዘለዓለም የተሰጠን አይደለም። ከእኛ በፊት በወንበሩ የተቀመጠ ሰው ነበረ፤ ከእኛም በኋላ የሚቀመጥ ይኖራል። በቆላው ወይም በደጋው፥ በትንሹ ወይም በትልቁ ሥራ ላይ ያለን ሁላችን የመውጫችንን ቀን ሳንፈራ እናስብ፤ መዝገባችንን በየቀኑ ለመረከብ የሚመች አድርገን እንያዝ፤ ከበታቻችን ያሉትንም ሥራችንን እያስተማርን እናሳድግ። እንዲህ ያደረገ ሰው የስንብት ቀኑ በደረሰ ጊዜ የሚያስረክበው ብዙ፥ የሚደብቀው ግን ምንም አይኖረውም።